የአልጋ ሰባት ናሙና

እሑድ፣ ኅዳር 21

ተሳካልኝ! ከነገ ጀምሮ አባባ በጾም ሰዓትም ውሃ ይጠጣሉ።

የነቢያት ጾም ከገባ ጀምሮ ስንለምናቸው ነበር። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ፣ ተቀደው ተጠግነው፣ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ሽንታቸው በቱቦ እየወረደ፣ እሳቸው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ አይቀምሱም። ዶክተር ናትናኤል ለመናቸው፤ «እሺ ልጄ» ይሉታል፣ አይጠጡም። እኔ ስለምናቸውማ መልስም አይሰጡኝ። እማዬ አለቀሰች። ወይ ፍንክች! የሰባ አንድ ዓመት ግትርነት ነው፤ እኔም ከየት እንዳመጣሁት አሁን ገባኝ።

መጨረሻ ላይ ለነፍስ አባታቸው ለአባ ኃይለ ማርያም ደወልኩ። ዛሬ ጽዮን ስለሆነች ከቅዳሴ በኋላ ከአገራችን ከሮብ ገበያ ወረዱልን። ብቻቸውን መስሎኝ ነበር። አይሱዙ ሙሉ ሰው ይዘው መጡ! አባባ ሠላሳ ዓመት የእድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰው ታሞ ሳይጠይቁ የቀሩበት ቀን የለም። አሁን አገሩ በተራው እሳቸውን ሊጠይቅ መጣ። ዘበኛው አምስት አምስት እያደረገ አስገባቸው።

ሰው ከመግባቱ በፊት አባባ እጄን ያዝ አደረጉኝና ከአልጋው ብረት ላይ የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት በዐይናቸው አሳዩኝ። ገባኝ። ወንበሩ በዚያው ጎን ነው፤ አባ ሲቀመጡ ያ ቢጫ ነገር ፊት ለፊታቸው ሊሆን ነው። ከረጢቱን አነሳሁና አልጋው ላይ፣ ጭናቸው አጠገብ አድርጌ ጋቢውን አለበስኩት። እማዬንም «ሰው ሲመጣ እንዲህ ነው» አልኳት። ፊታቸው ወዲያው ፈታ አለ። «ተባረኪ» አሉኝ። አባባ ተባረኪ ካሉኝ ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል?

አባ ገቡ፣ መስቀል አሳለሙ፣ ተቀመጡ። «ስማኝ አየነው፣ ውሃው መድኃኒትህ ነው። ጠጣ ብዬሃለሁ።» «እሺ አባ።» በቃ። ሐኪም ሳምንት ሙሉ የለመነውን በአንድ ቃል ጨረሱት። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ወጥቼ ኮሪደር ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጠያቂው ከአምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት አልተቋረጠም። እግሬ ዝሏል። ነገ ሥራ አለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ሁለት ሊትር! እማዬ በጣቷ እየቆጠረች፣ ኩባያ በኩባያ አጠጣቻቸው። እስከ ማታ ሁለት ሊትር ሊሞላ ነው። አባባ «እንደ በቅሎ ውሃ ታወርዱኛላችሁ» ብለው ተቆጡ፤ ግን ጠጡ።

የኔ ሥራ ቦታ አባባ ከተኙበት ዋርድ ጀርባ ነው። ዘጠኝ ዓመት ላብራቶሪ፣ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሽንት። ሰው ምን ትሠሪያለሽ ሲለኝ «ሽንት አበቅላለሁ» እላለሁ፤ ያኔ ጥያቄው ይቆማል። ሥራው ግን በእውነትም እሱ ነው፦ ከተኙ ሕመምተኞች የመጣውን ናሙና ምግብ ያለበት ሳህን ላይ እንቀባለን፣ ሙቀት ውስጥ እናሳድራለን፣ ጠዋት ምን እንደበቀለ እናያለን።

የዛሬ ጠዋት የበቀሉት፦

ኢ. ኮላይ፣ ሦስት ሳህን። የዘወትር እንግዳ። ከራሳችን አንጀት ወጥቶ የሽንት ቧንቧ ውስጥ የሚገባ።

ክሌብሲየላ፣ ሁለት። ሮዝ ሆኖ፣ በሽቦ ሲነኩት እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ።

ሱዶሞናስ፣ አንድ። አረንጓዴ ነው፣ ሽታው ጣፋጭ ነገር ይመስላል። እርጥበት ባለበት ሁሉ ይኖራል።

ፕሮቲየስም አንድ፤ ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር ወርሶት አገኘሁት። ቤቱን አገማው።

ኢንተሮኮከስ ዛሬ የለም። ካንዲዳ አንድ፤ እሱ እንኳ ባክቴሪያም አይደለም፣ ፈንገስ ነው፤ ብዙ አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ላይ ይመጣል።

አብሮኝ የሚሠራው ሙሉቀን «የቀበሌው ነዋሪዎች ሁሉ ደህና አድረዋል» ብሎ ይቀልዳል። በየቀኑ ይህንኑ ይላል፤ በየቀኑ እስቃለሁ። ዛሬ ግን ወረቀቶቹን አየት አደረግሁ። ከስምንቱ ስድስቱ ቱቦ የገባላቸው ሰዎች ናቸው። ቱቦው በቆየ ቁጥር ለተሐዋሲያኑ መንገድ እየሆነ ይሄዳል። ይህን እኔ ለተለማማጆች አስተምራለሁ። የአባባ ቱቦ ከገባ ስምንት ቀን አልፎታል።

ዶክተር ናትናኤልን ኮሪደር ላይ አስቆምኩት። «ቁጭ ማለት ሲችሉ ረቡዕ ወይ ሐሙስ አወጣዋለሁ» አለኝ። እሺ። ሁለት ቀን ምን አላት።

ከሥራ ስወጣ ገብቼ አየኋቸው። ሌሎች አምስት ጠያቂዎች ነበሩ። ጋቢው ተስተካክሏል፣ አልጋው ጸድቷል። እማዬ ሁሉን ነገር ተምራለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተር ትዕግሥት ደወለችልኝ። «ውባለም፣ ነይማ» ብቻ ነው ያለችኝ። ጓንቴን እንኳ በትክክል አላወለቅሁም።

አባባ ይንቀጠቀጣሉ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርበው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ሙቀታቸው ሠላሳ ዘጠኝ ከአራት። ቱቦው ውስጥ ያለው ሽንት እንደ አተላ ደፍርሷል። ዘጠኝ ዓመት በብልቃጥ ያየሁት ነገር ነው፤ በአባቴ አልጋ ላይ ግን አይቼው አላውቅም።

ዶክተር ናትናኤል ደም አዘዘ፣ የሽንት ካልቸር፣ ያንኑ የኔን ማብቀል፣ አዘዘ፣ አሮጌውን ቱቦ አውጥቶ አዲስ አስገባ፤ ውጤቱ እስኪደርስ ብሎ አንቲባዮቲክ፣ ሴፍትሪያክዞን፣ ጀመረላቸው።

ከዚያ እማዬ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? «ሽንት ላብራቶሪ ይሂድ» ሲባል ሰምታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ከከረጢቱ በውሃ ፕላስቲክ ቀድታ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ግቢውን ዞራ ላብራቶሪው መስኮት ላይ ቀረበች። «ለልጄ ስጡልኝ» ብላ። ሙሉቀን ተቀብሎ ቆሞ አገኘሁት፤ መሳቅም አልቻለ፣ መጣልም አልቻለ። ከረጢት ውስጥ የከረመ ሽንት ላይ የማይበቅል የለም፤ ለምርመራ አይሆንም። «እማዬ፣ ይኼ አይሆንም» ስላት ፊቷ ጠቆረ። «ልርዳሽ ብዬ» አለች። በኋላ ሲስተር ትዕግሥት ከአዲሱ ቱቦ በመርፌ ቀድታ ሰጠችኝ።

ሳህኑ ጀርባ ላይ ስም አንጽፍም፤ ቁጥርና አልጋ ብቻ ነው። «አልጋ 7» ብዬ ስጽፍ 7ቷ 1 መሰለች። ሰርዤ እንደገና ጻፍሁ።

«እኔ ልሥራው» አለ ሙሉቀን። አይ አልኩት። ምን ሊለውጥ? ማንም ቢቀባው የሚበቅለው ይበቅላል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

በቅሏል። ሳህኑ ሙሉ። ሮዝ፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። በሽቦ ነካሁት፤ ተከትሎ ተሳበ። ገና ሳልመረምረው ስሙን አወቅሁት። ክሌብሲየላ።

የመድኃኒት ዲስኮቹን አዲስ ሳህን ላይ ደረደርኩ። ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ናቸው፤ እያንዳንዷ አንድ መድኃኒት ነክራ የያዘች። መድኃኒቱ ከሠራ በዲስኩ ዙሪያ ምንም አይበቅልም፣ ንጹሕ ክብ ይታያል። ካልሠራ ተሐዋሲው እስከ ዲስኩ ጫፍ ድረስ ይመጣል። እስከ ነገ መጠበቅ ነው። ማፋጠን አይቻልም። የሙቀት ሣጥኑን፣ ኢንኩቤተሩን፣ ዛሬ አራት ጊዜ ከፈትኩት፤ ሙሉቀን አምስተኛው ላይ «ቅዝቃዜ ታስገቢበታለሽ» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

አባባ ቀባዠሩ። ሴፍትሪያክዞኑ ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ትኩሳቱ ግን አልወረደም። ጠዋት ስገባ ስም እየጠሩ ነበር። ለእድር ስብሰባ። «እንየው በላይ!» ዝም። «እንየው በላይ! ቀርቷል በለው፣ ጻፍ!» አልጋ ስምንት ላይ ያለው፣ እግሩ የተሰበረ አስተማሪ፣ አሳዘኑትና «አቤት፣ አለሁ!» አለላቸው። «ለምን ዘገየህ?» ብለው ተቆጡት። «ይቅርታ አባቴ።» ሰውየው ጨዋ ነው። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

ከሰዓት ጋቢያቸውን ገፈው ጣሉት። ሰው ቆሞ እያያቸው፣ ራቁታቸውን፣ ቱቦው እየታየ። እኔ አለበስኳቸው፤ መልሰው ጣሉት። አባባ! ልጆቻቸው ፊት እንኳ እግራቸውን ከጉልበታቸው በላይ ገልጠው የማያውቁ ሰው! ዐይናቸው እያየኝ አያየኝም። የሁሉም ነገር ከባዱ ይኼ ሆነብኝ።

ጠያቂ ዛሬም አልቀረም። እንዴት ተመለሱ ይባላል? አርባ ኪሎ ሜትር ተጨናንቀው መጥተው!

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ጻፊ ውባለም። ሁሉንም ጻፊው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አወጣሁት። አምፒሲሊን፣ ምንም ክብ የለም። ኮትሪሞክሳዞል፣ ምንም። ሲፕሮ፣ ምንም። ጄንታማይሲን፣ ምንም። ሴፍትሪያክዞን፣ እስከ ጫፉ ድረስ በቅሎበታል፤ ሁለት ቀን ሙሉ በደም ሥራቸው ውሃ ስንሰጣቸው ከርመናል ማለት ነው። ንጹሕ ክብ ያላቸው ሁለት ብቻ ናቸው፦ አሚካሲን እና መሮፔነም።

ውጤቱን ራሴ ይዤ ሮጥኩ። ዶክተር ናትናኤል አነበበና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ሐኪም ሲቀመጥ አልወድም። ኩላሊታቸው እየደከመ ነው፣ አሚካሲን ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። መሮፔነም እዚህ አልቋል። ከተማው ውስጥ ያሉትን ፋርማሲዎች በሙሉ በባጃጅ ዞርኩ። «ነበረ።» «ባለፈው ሳምንት አልቆ።» «ከአዲስ አበባ ካስመጣሽ እንጂ።» የሙሉቀን እህት አዲስ አበባ ናት። ደወለላት። አገኘች፤ ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ሹፌር ትልካለች። እስከዚያ አንድ ጊዜ አሚካሲን ይሰጣቸው ተባለ፣ እየፈራን።

ወደ ዋርዱ ተመለስኩ። ጠያቂ በሩ ላይ ደርሷል። እማዬ ድምፁን ሰማችና ፈጥና ተነሳች፤ ጎንበስ አለች፤ ከረጢቱን ከብረቱ ፈታችው፤ አልጋው ላይ፣ ጭናቸው አጠገብ አስቀመጠችውና ጋቢውን አለበሰችው። ከረጢቱ ግማሽ ደርሶ ነበር። በቱቦው ውስጥ የደፈረሰው ሽንት ወደ ኋላ፣ ወደ አባባ ሲመለስ በዐይኔ አየሁት።

ጮህኩ። ዋርዱ ሁሉ ዞረ። «ምን እየሠራሽ ነው? ይኼ ነገር ከወገባቸው በላይ አይነሳም! ቆሻሻው ተመልሶ ፊኛቸው ውስጥ ነው የሚገባው! ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

እማዬ ጋቢውን እንደያዘች ቀረች። አልተቆጣችም። ግራ ገብቷት ነው ያየችኝ።

«አንቺ ነሽ እንጂ» አለች። «ሰው ሲመጣ እንዲህ ነው ብለሽ አባ የመጡ ለት አሳየሽኝ። የሆስፒታል ሰው አንቺ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልረሳሁም።»

አንድም ቀን አልረሳችም። እሑድ ሦስት ሰዓት ሙሉ። ሰኞ። ማክሰኞ። ረቡዕ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር።

ከረጢቱን አወረድኩ። ጠያቂዎቹን ሰላም አልኩ፤ እነሱም እንዳልሰሙ ሆኑ። ወጣሁ። ላብራቶሪው ጓሮ፣ የተቃጠለ ቆሻሻ የምንደፋበት ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለተለማማጆች ቱቦ መንገድ ነው እያልኩ የማስተምረው እኔ! እኔ የማውቀው ሽንት በብልቃጥ የሚመጣውን ነው፤ አልጋው ዘንድ ያለውን አላውቅም፤ ይኼ ሰበብ ይሆነኛል? አይሆነኝም። አውቅ ነበር። ለአንዲት ተባረኪ ብዬ ረሳሁት።

ለዶክተር ናትናኤል ነገርኩት። «ቱቦው ብቻውንም ይበቃል። ውሃ ሳይጠጡ ሰንብተዋል። ከዚያ ይሁን ከዚህ ማንም ሊለየው አይችልም» አለ። ሊያጽናናኝ ነው። ሳህን ላይ በበቀለው ነገር ውስጥ ማን እንዳመጣው አይጻፍም፤ እሱ እውነቱን ነው። ግን አላጽናናኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

መድኃኒቱ ደጀን ከተማ ላይ ቆሟል።

አራት ሰዓት ላይ ሹፌሩ «አባይን ወጥተናል፣ ደጀን ነን» አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ስድስት ሰዓት ደወልኩ፦ ደጀን። ስምንት ሰዓት፦ ደጀን። «እህቴ፣ መንገድ ተዘግቷል፣ አላሳልፍ ብለውናል።» ማን አላሳልፍ እንዳለ አልጠየቅሁም፤ ማንም አይጠይቅም። «ዕቃው ግን አለ?» «አለ፣ ከመሪው ሥር ነው፣ አታስቢ።» አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ አይሠራም።

እዚያ ነው፤ በሰላሙ ቀን የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። ስድስት ብልቃጥ። መርፌውን መስጠት እችላለሁ፣ ስሙን አውቃለሁ፣ ክቡን በማስመሪያ ለክቻለሁ። ደጀን ግን መድረስ አልችልም።

አባባ ዛሬ ስም አልጠሩም። ዝም ነው። አልጋ ስምንት «አቶ አየነው፣ ስብሰባው ተበተነ እንዴ?» አላቸው። አልመለሱም። ሽንታቸው ቀንሷል። እማዬ አታየኝም፤ እኔም አላያትም። ከረጢቱ አጠገብ፣ መሬት ላይ፣ ቁጢጥ ብላ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ማንም እንዳይነካው።

ይቅር በይኝ ልላት ፈልጌ «በልተሻል?» አልኳት። «በልቻለሁ» አለች። አልበላችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

መጣ! አራት ሰዓት ተኩል። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ አድሮ፣ ጢሙ አድጎ፣ ዕቃውን ከመሪው ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝ። «አባትሽ ናቸው?» አለ። አዎ አልኩት። «እንግዲህ እግዜር ይማርልሽ።»

የመጀመሪያው አምስት ሰዓት ላይ ገባ። ሲስተር ትዕግሥት ቀስ አድርጋ ስትሰጥ ጠብታውን ቆጠርኩ። ከዚያ መጠበቅ። ሰባት ሰዓት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ከሁለት። አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሠላሳ ዘጠኝ። ይኼ መውረድ ይባላል? ሙሉቀን «ይባላል» አለ። እሱ ጥሩ ሰው ነው፤ አላመንኩትም።

እማዬን በመጨረሻ ነገርኳት። «የኔ ጥፋት ነው። አንቺ ያየሽውን ነው ያደረግሽው» አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ «አባትሽም የፈለጉት እሱን ነበር» አለች። ጥፋቱን ለሦስታችንም እኩል አካፈለችው። ሊከፈል የሚችል ነገር ቢሆን ኖሮ።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ጠዋት ሠላሳ ስምንት ከአንድ። አሁንም ትኩሳት ነው። የኩላሊቱ ውጤት ነገ ነው። ዶክተር ናትናኤል «ገና ነው» ብሏል፤ እኔም ገና ነው እያልኩ ነው የምጽፈው።

አባ ኃይለ ማርያም ከቅዳሴ መልስ መጡ። ዛሬ አይሱዙ የለም፤ መንገዱን ፈርተው ሰዉ ቀረ፤ ሦስት ሆነው ነው የመጡት። እማዬ በሩ ላይ ጠብቃቸው፣ ገና ሰላም ሳይባባሉ «አባ፣ እቺ ነገር ከአልጋው ሥር ናት፤ ወደ ላይ አትነሳም፤ እንዳይቀየሙን» አለቻቸው። ሁለቱን ጠያቂዎችም ለየብቻ አስጠነቀቀች። ሆስፒታሉ እሷን መቅጠር አለበት።

አባ ወደ አልጋው ሲቀርቡ የአባባ እጅ ተንቀሳቀሰ። ጋቢውን ያዘ። ወደ ጎን ጎተተው፤ ከአልጋው አልፎ እንዲንጠለጠል፣ ከረጢቱን እንዲሸፍን። አልደረሰም። ዐይናቸው ፈለገኝ፣ አገኘኝ።

«ውባለም» አሉ። ከማክሰኞ ወዲህ ስሜን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው። «ያንን ነገር ከፍ አድርጊልኝ። አባ መጥተዋል።»

አፈሩ! አባባ አፈሩ! ሰው መጣ፣ ማን እንደመጣ አወቁ፣ እኔን አወቁኝ፣ አፈሩ። እልል ማለት ነበር የፈለግሁት። ግን «አይሆንም አባባ። ይቅርታ፣ አይሆንም» ብቻ አልኩ። ግንባራቸው ተኮማተረ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያን ፊት እኔ ነኝ ያዞርኩት፤ ደግሞም ትክክል ነኝ።

አባ ሁለታችንንም አዩን። ወንበሩን በአንድ እጃቸው አነሱና አልጋውን ዞረው፣ ከረጢቱ በማይታይበት በመስኮቱ በኩል፣ አባባ ፊታቸውን ባዞሩበት በኩል ተቀመጡ። «እንዴት አደርክ አየነው?» አሉ። አባባ ቀስ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ከዚያ ጋቢውን ለቀቁት።

ወንበር ማዞር። ያለፈው እሑድም ወንበሩ እዚያው ነበር፣ መስኮቱም እዚያው ነበር፣ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር።

ሦስተኛው መርፌ አምስት ሰዓት ላይ ተሰጠ። አንድ ኩባያ ውሃ ጠጥተዋል።